የስኳሌን ዘይት ሪቪው፦ ዘይቱ ጥሩ ነው፣ «ከፔትሮሊየም ነፃ» የምትለው ጽሑፍ ላይ ግን እናውራ

ስለ ስኳሌን ዘይት በኢንቦክስ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ፣ ለእያንዳንዱ ከመመለስ አንዴ ጠቅልዬ ልጻፈው ብዬ ነው። የገዛኋት 30 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ጠቆር ያለች የመስታወት ጠርሙስ ነች፣ ክዳኗ ላይ ማንጠባጠቢያ አላት፣ ውስጧ ምን እንዳለ የሚገልጸው ቦታ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው የተጻፈው፣ ስኳሌን ከሸንኮራ አገዳ፣ አለቀ። ሽቶ የለው፣ ቀለም የለው፣ ሌላ ዘይት አልተቀላቀለበት። ከፊት ለፊት ግን በትልቁ «ከፔትሮሊየም ነፃ» ይላል። እኔ ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፣ ከዛ በፊት ደሞ ላብራቶሪ ሠርቻለሁ፣ እና ዘይቱን ወድጄዋለሁ ጽሑፉን ግን አልወደድኩትም፣ ምክንያቱም ስኳሌን ራሱ ድፍድፍ ዘይት ውስጥ የሚገኝ ሞለኪውል ነው። ስለ ሁለቱም እጽፋለሁ፣ ለቆዳችሁ ብቻ የምትፈልጉት ካላችሁ ቀጣዩን አንቀጽ አንብባችሁ መጨረሻው ላይ እንገናኝ።

ለፊት በጣም ጥሩ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ የአዲስ አበባ ብርድ ቆዳ እንዴት እንደሚያደርቅ ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት ታጥባችሁ ብዙም ሳትቆዩ ጉንጭ ይወጠራል፣ አፍንጫ ዙሪያ ነጭ ነጭ ይላል። ፊቴን ታጥቤ ውሃው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ሁለት ሦስት ጠብታ መዳፌ ላይ አድርጌ አሻሽቼ ጫን ጫን እያደረግኩ እቀባዋለሁ፣ ወዲያው ሰርጎ ይገባል፣ አያብለጨልጭም፣ አይጣበቅም፣ ሽታ የሚባል ነገር የለውም፣ ትራስም አያቆሽሽም። እህቴ ፊቷ ወዛም ነው ብጉርም ያስቸግራታል፣ እሷም ተጠቅማው ምንም አላስቆጣባትም፣ ግን የሰው ቆዳ ስለሚለያይ መጀመሪያ ክንዳችሁ ላይ ሞክሩት። የጸጉር ጫፍ ላይ አንድ ጠብታ ይበቃል፣ ቅቤ የሚሠራውን ሥራ ግን ከሱ አትጠብቁ። የተሰነጠቀ ተረከዝና ከንፈር ላይ ደሞ ቫዝሊን ይበልጠዋል፣ በደንብ ይበልጠዋል፣ ቫዝሊን ቆዳ ላይ ተቀምጦ ውሃ እንዳይተን ይዘጋል፣ ስኳሌን ያለሰልሳል እንጂ እንደዛ አይዘጋም። ዋጋው ውድ ነው፣ በአንዷ ጠርሙስ ዋጋ ትልልቁን ቫዝሊን በርከት አድርጎ መግዛት ይቻላል፣ ግን በጠብታ ስለሆነ የሚሠራው ቶሎ አያልቅም።

ሻጩ ስሙ ይቆየኝ፣ ዴሊቨሪው ፈጣን ነበር አስተሻሸጉም ጥሩ ነው፣ ግን «የትንታኔ ወረቀት አለው ወይ፣ ንጽሕናው ስንት በመቶ ነው» ብዬ ስጠይቀው «ናቹራል ነው ኬሚካል የለውም አትስጊ/አትስጋ» የሚል ኮፒ ፔስት መልስ ነው የላከልኝ። ይሄ መልስ ያበሳጨኝ ጥያቄዬን ስላልመለሰ ብቻ አይደለም፣ ጠርሙሷ ውስጥ ያለው ሁሉ ኬሚካል ነው፣ ንጹህ አንድ ኬሚካል፣ ጥሩነቱም እሱ ላይ ነው። ሰው ገንዘቡን የሚያወጣበትን ነገር ማወቅ መብቱ ነው።

እሺ ስኳሌን ምንድን ነው። ቆዳችን ራሱ የሚያወጣው ወዝ ውስጥ ስኳሊን የሚባል ዘይት አለ፣ ከወዙ 12 በመቶ አካባቢ እሱ ነው። ስኳሊን 30 ካርቦንና 50 ሃይድሮጅን ያለው ሰንሰለት ሲሆን ሰንሰለቱ ላይ 6 ድርብ ቦንዶች አሉ፣ ድርብ ቦንድ ካለ ደሞ ኦክስጅን ያጠቃዋል፣ ስለዚ ንጹህ ስኳሊን አየርና ፀሐይ ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል። ፋብሪካ ውስጥ እንደ ኒኬል ባለ ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ሥራውን የሚያፋጥን ነገር) ሃይድሮጅን ይጨመርበትና 6ቱም ድርብ ቦንዶች ይሞላሉ፣ 50 የነበረው ሃይድሮጅን 62 ይሆናል፣ ያ ነው ስኳሌን። ስትገዙ በ«ሊን» እና በ«ሌን» የሚያልቀውን ለዩት፣ የኛዋ በ«ሌን» ነው የምታልቀው፣ እሷ ተከፍታ ብትቀመጥም አትሸትም፣ በብርድም አትረጋም።

ስኳሊንን መጀመሪያ ያገኘው ሚትሱማሩ ጹጂሞቶ የሚባል ጃፓናዊ ኬሚስት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1906 ከሻርክ ጉበት ዘይት። የሚገርመው ግን ሻርክ ብቻ አይደለም የሚሠራው፣ እኛም እንሠራለን ወይራም ይሠራል እርሾም ይሠራል፣ ምክንያቱም ኮሌስትሮል የሚሠራው ከሱ ነው። ሰውነት ያንን ረጅም ሰንሰለት አጣጥፎ አራት ቀለበት ያደርገዋል፣ ይሄንን መንገድ ከፈቱት ሰዎች አንዱ ኮንራድ ብሎክ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1964 ከፌዮዶር ሊነን ጋር ኖቤል ወስዷል። ተክሎች ደሞ ያንኑ ሰንሰለት ሌላ ዓይነት አጥፈው አምስት ቀለበት ያለው ነገር ይሠራሉ፣ ከመተማና ከትግራይ የሚመጣው ዕጣን ውስጥ ያለው ቦስዌሊክ አሲድ እንዲህ ነው የተሠራው፣ መነሻው ስኳሊን ነው። ባክቴሪያዎችም ኦክስጅን ሳያስፈልጋቸው ስኳሊንን አጥፈው ሆፓኖይድ የሚባል አምስት ቀለበት ያለው ነገር ሠርተው የሴላቸውን ሽፋን (ሜምብሬን) ያጠነክሩበታል። ይቺን ሆፓኖይድ ያዟት ትመለሳለች።

እኔ ስኳሌንን ያወቅኩት በስኪን ኬር አይደለም፣ በጋዝ ክሮማቶግራፊ ነው፣ ድብልቅን በጋዝ እየገፉ ኮለም በሚባል ቱቦ አሳልፎ ሞለኪውሎቹን አንድ በአንድ መለያ ዘዴ ማለት ነው። ድሮ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኮለም ውስጥ የሚደረገው ፈሳሽ ስኳሌን ነበር፣ ፖላር ያልሆነ (የኤሌክትሪክ ጫፍ የሌለው) ነገር ማለት እሱ ነው ተብሎ እንደ ዜሮ ተወስዶ ሌሎቹ ፈሳሾች ሁሉ ከሱ ጋር እየተነጻጸሩ ነበር የሚለኩት። ስለዚ ይሄ ዘይት ፊት ላይ ከመምጣቱ በፊት ላብ ውስጥ ትልቅ ስም የነበረው ነገር ነው፣ ጠርሙሷን ሳያት ደስ ያለኝም ለዛ ነው።

ደስታው እንዳለ ሆኖ ግን ኦሪጅናል መሆኗን ማየት ነበረብኝ። ትምህርት ቤት ላብ ወስጄ ብሮሚን ውሃ ሞከርኩባት፣ ተማሪ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ ድርብ ቦንድ ያለውንና የሌለውን የምንለይበት። በሁለት ቴስት ቲዩብ ብርቱካንማ የሆነውን ብሮሚን ውሃ አደረግኩ፣ አንዱ ላይ የወይራ ዘይት ሌላው ላይ ስኳሌኗን፣ ዘግቼ በደንብ ናጥኳቸው። ወይራው ያለው ቲዩብ ወዲያው ቀለሙ ጠፋ፣ ነጣ። ስኳሌኑ ያለበት ግን ቀለሙ አልጠፋም፣ ከሥር ካለው ውሃ ወጥቶ ከላይ የተንሳፈፈው ዘይት ውስጥ ገባና የላይኛው ንብርብር ደማቅ ብርቱካን ሆኖ ቁጭ አለ፣ ማለትም ብሮሚኑ የሚይዘው ድርብ ቦንድ አላገኘም። (ጥላ ውስጥ ነው ያደረግኩት፣ ፀሐይ ላይ ከሆነ ድርብ ቦንድ የሌለውም ቀስ እያለ ከብሮሚን ጋር ይሠራል። ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት ብሮሚን መርዛማ ነው።) ስለዚ የምግብ ዘይት አልተቀላቀለባትም፣ ስኳሊንም አይደለችም። ይሄ ሙከራ የማይመልሰው ግን አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ፣ ሰውየው በርካሽ ሊኩዊድ ፓራፊን አቅጥኗት ቢሆንስ? ፓራፊንም ድርብ ቦንድ የለውም፣ በብሮሚን አይለይም፣ ቀለም የለውም ሽታ የለውም፣ በእጅም ብትነኩት ብዙ አይለይም። ፓራፊን ደሞ ከፔትሮሊየም ነው የሚወጣው። የጠርሙሷ ጽሑፍ እውነት ይሁን ውሸት የሚፈተነው እዚህ ጋር ነው፣ ፈታኞቹ ደሞ የድሮ ፍጥረቶች ናቸው።

ቅሪተ አካል ሲባል እኛ ትዝ የምትለን ድንቅነሽ ነች፣ አጥንት። ግን አጥንት የሌለው ነገር፣ ባክቴሪያ፣ አልጌ፣ ቅጠል፣ እሱም ቅሪት ይተዋል፣ በሞለኪውል ደረጃ። ባሕር ወይ ሐይቅ ሥር ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥ የተቀበረ ነገር አብዛኛው ይበላል ይፈርሳል፣ ትንሹ ግን ይተርፋል፣ የተረፈው ሞለኪውል ላይ ያሉት ኦክስጅኖች ይወድቃሉ፣ ድርብ ቦንዶቹ ወይ ሃይድሮጅን ያገኛሉ ወይ ከሰልፈር ጋር ይያያዛሉ፣ የካርቦን አጽሙ ግን እንዳለ ይቆያል፣ ጭቃው ረግፎ ምሰሶና ማገሩ እንደቀረ ቤት በሉት፣ ምሰሶውን አይታችሁ የማን ቤት እንደነበረ ታውቃላችሁ። ፋብሪካው በካታሊስት በሰዓታት የሚያደርገውን ሃይድሮጅን የመጨመር ሥራ መሬት በራሷ ጊዜ በሚሊዮን ዓመታት ታደርገዋለች፣ ስኳሊን ተቀብሮ ስኳሌን ይሆናል፣ ከድፍድፍ ዘይት ውስጥ ይገኛል። በተለይ በጣም ጨዋማ ከነበሩ ውሃዎች የመጣ ዘይት ላይ በዛ ብሎ ሲገኝ ጨው የሚወዱት አርኬያዎች (ባክቴሪያ የሚመስሉ ግን የተለዩ ጥቃቅን ፍጥረቶች) እዛ እንደኖሩ ይጠቁማል።

ይሄ የሞለኪውል ቅሪት ጥናት የተጀመረው ጀርመን ሙኒክ ነው። አልፍሬድ ትራይብስ የሚባል ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ ከድፍድፍ ዘይት ውስጥ ፖርፊሪን አወጣ፣ ፖርፊሪን ማለት ክሎሮፊልና ሄሞግሎቢን መሃል ላይ ያለው ቀለበት ነው፣ ክሎሮፊሉ ውስጥ ማግኒዥየም የነበረበት ቦታ ቫናዲየም ገብቶበት ነበር ያገኘው። ዘይት ከሕይወት ነው የመጣው ለሚለው ነገር ይሄን የሚያህል ማስረጃ ከዛ በፊት አልነበረም። የክሎሮፊል ጅራትም አልጠፋም፣ ፋይቶል የሚባለው ጅራት ተቀብሮ ፕሪስቴንና ፋይቴን ይሆናል፣ አንዱ 19 ካርቦን አንዱ 20። ሁለቱም ናፍጣ ውስጥ አሉ። ዛሬ አስፋልት ላይ የምታዩት አይሱዙ ከድሮ አልጌ ክሎሮፊል የተረፈ ጅራት ታንከሩ ውስጥ ይዞ ነው የሚሄደው፣ ክሮማቶግራም (ጋዝ ክሮማቶግራፉ የሚያወጣው ሥዕል) ላይ 17ና 18 ካርቦን ካላቸው ቀጥ ያሉ ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ቆመው በዓይን ይታያሉ፣ መጀመሪያ ቀን ሳያቸው አስተማሪዬ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ሲያሳየኝ የተሰማኝን እስካሁን አልረሳውም።

ሆፓኖይድ ያልኳችሁስ? ተቀብሮ ሆፔን ይሆናል። ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ውስጥ ጊ ኡሪሶንና ፒዬር አልብሬክት ከባልደረቦቻቸው ጋር የድንጋይ ናሙና በመረመሩ ቁጥር ሆፔን ያገኙ ነበር፣ ዘይት ውስጥ፣ የድንጋይ ከሰል ውስጥ፣ ጭቃ ውስጥ፣ እና መጀመሪያ ማን እንደሠራው እንኳን በደንብ አይታወቅም ነበር፣ አጽሙ መሬት ውስጥ ሞልቶ ባለቤቱ የጠፋ፣ በኋላ ነው ባክቴሪያ እንደሆነ የተረጋገጠው። ኬሚስትሪ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የምወደው ታሪክ የለኝም፣ የሞተውን መጀመሪያ አግኝቶ ከዛ በሕይወት ያለውን ፍለጋ መሄድ ማለት እኮ ነው።

ኮሌስትሮልም ስቴሬን ሆኖ ይተርፋል። ሩሲያ ነጭ ባሕር አካባቢ 558 ሚሊዮን ዓመት ያለው ዲኪንሶኒያ የሚባል ጠፍጣፋ ፍጥረት አለ፣ እንስሳ ነው አይደለም እየተባለ ብዙ ተከራክረውበታል፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ላይ ድንጋዩ ላይ ከቀረው ስስ ፊልም ሞለኪውሎቹን አውጥተው ሲያዩ አብዛኛው ከኮሌስትሮል የመጣ ሆኖ አገኙት፣ የእንስሳ ምልክት ማለት ነው።

ለሥራም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሶን ቫልዲዝ የምትባለው መርከብ አላስካ ላይ 40 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ድፍድፍ ስታፈስ የባሕር ዳርቻው ላይ የተገኙት ሬንጅ መሰል ጓሎች ሁሉ የሷ መስለው ነበር፣ ሲመረመሩ ግን አንዳንዶቹ ውስጥ ኦሊያኔን ተገኘ፣ ኦሊያኔን አበባ ካላቸው ተክሎች የሚመጣ አጽም ነው፣ መርከቧ የጫነችው የአላስካ ዘይት ውስጥ ደሞ የለም። ለካ ከካሊፎርኒያ ድሮ የመጣ አስፋልት ነው፣ በ1964ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ከማጠራቀሚያው ፈሶ የቀረ ነው ተብሎ ነው የታመነው። ሬንጁ አፍ የለውም፣ ሞለኪውሉ ግን መሰከረ።

አሁን ወደ ጠርሙሷ። ሆፔንና ስቴሬን ከባድ ስለሆኑ ነዳጅ ሲጣራ ወደ ቤንዚን አይሄዱም፣ ሞተር ዘይትና ከባድ ፓራፊን ወዳለበት ነው የሚሄዱት። አውሮፓ ውስጥ ምግብ ላይ የማዕድን ዘይት ሲገኝ ከፔትሮሊየም መምጣቱን የሚያረጋግጡት በነሱ ነው። ስለዚ የኔን ዘይት አንድ ሰው በፓራፊን ቢያቀጥነው ጋዝ ክሮማቶግራፍ ውስጥ ሲገባ ንጹሁ ስኳሌን አንድ ቀጥ ያለ ጫፍ ብቻ ሲያሳይ የተቀላቀለው ግን ሥሩ ላይ ሰፊ ጉብታ ይዞ ይመጣል፣ የሺዎች ሞለኪውሎች ድብልቅ ጉብታ፣ ከባዱ ዓይነት ከሆነ ደሞ እነ ሆፔን በደንብ ለሚፈልጋቸው ይወጣሉ። ሸንኮራ አገዳ ሆፔን ያለው ዘይት አይሰጥም። ከምን እንደተሠራ ለመለየት ደሞ ካርቦን 13 (ከተለመደው ካርቦን ትንሽ የሚከብደው ዓይነት) ይታያል፣ ሸንኮራ አገዳ እንደ በቆሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚይዝበት መንገድ ከወይራ ስለሚለይ ካርቦን 13ቱ ከወይራው ከፍ ይላል፣ የሻርኩ ደሞ መሃል ላይ ይወድቃል። የትንታኔ ወረቀት የምጠይቀው ለዚህ ነው ጎበዝ፣ ሻጩ «ናቹራል ነው» ቢል ባይል ለውጥ የለውም።

እና «ከፔትሮሊየም ነፃ» ማለት ምን ማለት ነው? ፔትሮሊየም መጥፎ ነው እንዲባል ነው የተጻፈው፣ ፔትሮሊየም ግን ራሱ የተፈጥሮ ውጤት ነው፣ ከላይ እንዳያችሁት። ቫዝሊንን ሮበርት ቺዝብሮ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1859 ፔንሲልቬኒያ ቲተስቪል ሄዶ የዘይት ጉድጓድ ሠራተኞች ቱቦው ላይ የሚጣበቀውን ሰም የመሰለ ነገር ቁስላቸውን ሲቀቡት አይቶ ነው፣ አጣርቶት በ1872 ፓተንት አወጣ። ቫዝሊን ላይ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ከምን መጣ ሳይሆን ምን ያህል ተጣርቷል ነው፣ በደንብ ያልተጣራው ውስጥ ጎጂ የሆኑ የቀለበት ውህዶች ሊኖሩ ይችላሉ፣ ለመድኃኒት ደረጃ የተጣራው ግን ለሕፃን ቆዳም ይሆናል። እናቶቻችን ሕፃን በቫዝሊን ሲቀቡ መጥፎ ነገር እንዳደረጉ የሚያስመስል ማስታወቂያ ያናድደኛል፣ እውነቴን ነው።

ጠርሙሷ ላይ በትልቁ መጻፍ የነበረበት ሌላ ነገር ነው፣ «ከሻርክ አይደለም»። የድሮው ስኳሌን ሁሉ ከጥልቅ ባሕር ሻርክ ጉበት ነበር የሚመጣው፣ አንዳንዶቹ ዝርያዎች የጉበታቸው ዘይት እስከ 80 በመቶ ስኳሊን ነው፣ እነዚህ ሻርኮች ደሞ ዘግይተው የሚወልዱ በቀላሉ የማይተኩ ናቸው። ወይራ ውስጥ ያለው ከ1 በመቶ በታች ነው፣ ዘይቱ ሲጣራ ከሚቀረው ተረፈ ምርት ነው የሚለቀመው። የሸንኮራ አገዳው ግን ብልሃት ያለው ነው፣ ጂኑ የተስተካከለ እርሾ ስኳሩን በልቶ ፋርኔሲን የሚባል 15 ካርቦን ያለው ነገር ይሠራል፣ ሁለቱን ያጋጥሙና 30 ይሆናል፣ ከዛ ሃይድሮጅን። ይሄንን ያመጣው አሚሪስ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት መጀመሪያ የሠራው ነገር የወባ መድኃኒት መነሻ የሆነውን አርቴሚሲኒክ አሲድ በእርሾ ማምረት ነበር፣ እዚህ ሁላችንም የምናውቀው ኮአርተም ውስጥ ያለው መድኃኒት ዘመድ ማለት ነው። ከሻርክ ጉበት ወደ እርሾ በርሜል መምጣት፣ እኔ ገንዘብ የምከፍለው ለዚህ ነው።

ዘይቱን ከ10 8 ሰጥቼዋለሁ፣ ሁለቱን የቀነስኩት አንዱን ለዋጋው አንዱን ለዛች ጽሑፍ። ፊታችሁ ደረቅ ለሆነባችሁ፣ ሽቶ ለማይስማማችሁ ግዙት። ለተረከዝና ለከንፈር ቫዝሊናችሁን አትጣሉ። ስትገዙ ከወይራ ነው ከሸንኮራ አገዳ ነው ከሻርክ ብላችሁ ጠይቁ፣ የትንታኔ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ንገሩት፣ ንጽሕናው ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ወይ ወረቀት ጭራሽ ከሌለው ሌላ ሻጭ ፈልጉ፣ እኔም ቀጣዩን የምገዛው ወረቀቱን ካሳየኝ ሰው ነው።